የካርቶን እጅ

ሐሙስ በመጣ ቁጥር መምህሯ በሩን በሩን ታያለች። አንድ ፋብሪካ የምህንድስና ተማሪዎቿን ንድፍ እንዲያዩ የሚልካቸው አንጋፋ መካኒክ ሰዓት አያዛንፉም። ቱታቸው ታጥቦ ተተኩሷል፤ የግራሶው እድፍ ግን አለቅም ብሎ ደረታቸው ላይ እንደ ሜዳሊያ ተቀምጧል። ቀኝ እጃቸው ከኪስ አይወጣም፤ መምህሯ ኩራት ይመስላት ነበር። በግራቸው፣ በንድፉ ልክ አሳንሰው የቆረጧትን የካርቶን እጅ አውጥተው ስዕሉ ላይ ያስቀምጧታል።

«ስሌቱ ልቅም ያለ ነው፤ እኔ አልደርስበትም» ይላሉ። «ግን ይቺ ብሎን ስትላላ እጄን በየት በኩል ላስገባ?»

ተማሪዎቹ ይስቃሉ፣ ከዚያ አንገታቸውን ይደፋሉ። ማሽኑ ግሩም ነው፤ የሚጠግነው ሰው እጅ ግን አይገባበትም። አሁን አሁን ከፈተና ይልቅ ያቺን ካርቶን ይፈራሉ። ሰውየውንም «እጄስ» የሚል ቅጽል ስም አውጥተውላቸዋል፤ ሰምተው ወደውታል።

ዛሬ በአንዲት ተማሪ ንድፍ ላይ ካርቶኗ ሰተት ብላ ገባች። ሰውየው በደስታ ራሳቸውን ረስተው ቀኝ እጃቸውን ከኪስ አወጡና ልጅቷን ጨበጧት። የያዘችውን እጅ አየችው፤ ሦስት ጣት ነው። ካርቶኗን አየች፤ አምስት።

«አባባ፣ ካርቶኗ የእርስዎን እጅ አትመስልም እኮ» አለች ቀስ ብላ።

«የእኔማ የትም ይገባል፣ ልጄ» ብለው ሳቁ። «ይቺን የቆረጥኳት ለሚተካኝ ሰው ነው።»