ወደ ዓሣው የዞረው ጽሑፍ

የባህር ሳይንስ ስንጀምር መጀመሪያ የተማርነው የእርሳስ አጠቃቀም ነው። የተያዘ ዓሣ ፎርማሊን ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ሲገባ አብራው አንዲት ወረቀት ትገባለች። ወረቀቷ ላይ ቦታው፣ ቀኑ፣ የውሃው ጥልቀትና የሰብሳቢው ስም ይጻፋል። የሚጻፈው በእርሳስ ብቻ ነው። ቀለም ፈሳሹ ውስጥ ይለቅቃል፤ እርሳስ ዓሣው እስካለ ይቆያል። መምህራችን "መለያ የሌለው ዓሣ ሥጋ ነው" ይሉ ነበር። ኋላ ጋዜጠኛ ስሆን ከዚህ የተሻለ መመሪያ የሰጠኝ አለቃ አልገጠመኝም።

በክፍሉ አምስት ነበርን። ከአምስቱ እኔና ጓደኛዬ የአንድ ሰፈር ልጆች ነን፤ ቤታችን ከራስ መኮንን ድልድይ ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር። ድልድዩ ላይ ልባሽ ጨርቅ የሚሸጡ አንድ ሰው በወጣን በገባን ቁጥር ሳይተርቡን አያሳልፉንም።

"እናንተ የዓሣ ሐኪሞች፣ እዚህ ወንዝ ውስጥ ምን አገኛችሁ?"

"አንድ እግር ጫማ" አለ ጓደኛዬ። "የእርስዎ ከሆነ ሁለተኛውን ያሳዩንና ይውሰዱ።"

"ሁለተኛውንማ አዞው በልቶታል። ስትመረቁ ታክሙታላችሁ።"

ስንመረቅ የት እንደምንገባ እኛም በቅጡ አናውቅም ነበር። አንዱ መንገድ ወደብ ወርዶ የዓሣ ሀብት ቢሮ መቀጠር ነው። ሌላው ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ሶቪየት ኅብረት መሄድ፤ ሁለቱም ካልሆነ ባዮሎጂ ማስተማር። ጓደኛዬ የራሱ ሐሳብ ነበረው። የአፋር ዓሣ አጥማጆች ስለ ባህሩ የሚያውቁትን አንድም ሳይቀር ጽፎ መጽሐፍ ሊያወጣ ነበር።

ተማሪ ሁሉ ከተላከበት የገጠር ዘመቻ ተመልሰን ትምህርት ሲከፈት ለሦስት ሳምንት አሰብ ወረድን። ሌሎቻችን ዓሣውን ለክተንና መዝነን ጠርሙስ ውስጥ ስንከት፣ እሱ ጀልባ ሥር ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጦ ይጠይቃል። የወረቀቱ ፊት በደንቡ መሠረት በእንግሊዝኛ ይሞላል። እሱ ግን ገልብጦ፣ ሽማግሌዎቹ የነገሩትን ጀርባው ላይ በአማርኛ ይጽፍ ነበር። እኔ ደንቡ ስለማይጠይቅ አልጽፍም።

በተመለስን በአራተኛው ወር ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። የማውቀው ይህን ብቻ ነው። ማን እንደወሰደው፣ የት እንዳደረሱት አላውቅም። ሲወራ የሰማሁትን እዚህ አልጽፍም።

በዚያው ሳምንት የክፍሉ ንብረት ሊቆጠር ነው ተባለ። የእሱ ስም ያለባቸው ጠርሙሶች አሥራ አንድ ነበሩ። ማንም ያዘዘኝ የለም። ከሰዓት በኋላ ብቻዬን መጋዘን ገብቼ ወረቀቶቹን በወረንጦ አወጣኋቸው፤ መስኮት ላይ አድርቄ ስሙን በላጲስ አጠፋሁና በቦታው የራሴን ጻፍኩ። ስሙ እንዳለ ከተገኘ አብረን መጓዛችን ይነሳል ብዬ ፈርቼ ነበር። ለራሴ የነገርኩት ግን ዓሦቹ ተሰብስበው እንዳይደፉ ብዬ መሆኑን ነው። የምፈልገው ስሙን ብቻ ስለነበር ጀርባውን አላየሁትም።

አሥራ አንዱ ዓሦች የመመረቂያ ጽሑፌ ውስጥ ተቆጠሩልኝ። ወደብ ላይ አንድ ዓመት ሠራሁ፤ በረዶ ቤት የሚገባ ዓሣ እየመረመርኩ። ከዚያ ትቼው ጋዜጣ ገባሁ። ከቀሩት ጓደኞቼ አንዱ ሶቪየት ኅብረት ሄደ፣ ሁለቱ አስተማሪ ሆኑ።

ከስድስት ዓመት በኋላ፣ ምኒልክ አደባባይ ላይ፣ የጠፋው ጓደኛዬ እናት ከጊዮርጊስ ቅዳሴ ሲወጡ አገኙኝ።

"አንተ፣ ቆም በልማ። ሰው አይተህ ታልፋለህ?"

"አላየሁዎትም እትዬ። እንደምን አደሩ?"

"አይተኸኛል" አሉ ያለ ቁጣ። ወደ አጥሩ ጥግ ወሰዱኝ። "አሰሳ ሊመጣ ነው ሲሉኝ ደብተሩንም ደብዳቤውንም ከሰል ላይ አነደድኩት። እሱን ያዳንኩ መስሎኝ። አሁን የእጁ ጽሑፍ አንዲት መስመር የለኝም። አንተ ጋ አይጠፋም ብዬ ነው።"

የነበረውን ማን እንዳጠፋው አውቃለሁ። "ልፈልግ" አልኳቸው።

በወረቀቶቹ ጀርባ በአማርኛ ይጽፍ እንደነበር ትዝ አለኝ፤ የድሮ ክፍላችን መጋዘን ጠባቂ ያውቁኝ ስለነበር አስገቡኝ። ክዳኑን ስከፍት ሽታው ዓይኔን አቃጠለው። አሥሩ ወረቀቶች ጀርባቸው ባዶ ነበር፤ ወይም ጽሑፉ የዓሣው ቆዳ ሲታከከው ደብዝዞ የማይነበብ ሆኗል። አሥራ አንደኛው ላይ ግን ነበር፤ ወደ ዓሣው የዞረ ቢሆንም ሳይታሽ ተርፎ፣ በዚያ ወደ ግራ በሚያጋድል የእጅ ጽሑፉ። በምትኩ አዲስ መለያ ጽፌ ጠርሙሱ ውስጥ አስገባሁ። ሰብሳቢ በሚለው ቦታ የጓደኛዬን ስም ሞላሁ። ለአሥሩም እንዲሁ አዲስ ጻፍኩላቸው።

ወረቀቷን ቤታቸው ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው በመስኮቱ ብርሃን አነበቡ።

"ሲመሽ ወደ ጥልቁ ይወርዳል፤ ሲነጋ ይመለሳል።" ከወረቀቷ ቀና አሉ። "ስለ ዓሣው ነው?"

"ስለ ዓሣው ነው እትዬ።"

ገለበጡት። "ይሄ የፈረንጁስ ምን ይላል?"

ፊደሉን እንደማይለዩት አውቃለሁ። ቦታውን አነበብኩላቸው፤ ቀኑን፣ ጥልቀቱንም። ሰብሳቢው ላይ ስደርስ የእሱን ስም ብል የሚያውቅብኝ አልነበረም።

"የእኔ ስም ነው" አልኩ። "የእሱ ነበር። እሱ በጠፋ ሳምንት እኔ አጠፋሁት።"

ወረቀቷን ዘረጉልኝ። አላለቀሱም።

"በል አሁን ያንተን አጥፋልኝ።"

ላጲስ ከኪሴ አይጠፋም፤ አወጣሁ። አንድ ጊዜ ስፍቀው ወረቀቱ ሣሣ። ከዚህ በፊት አንዴ የተፋቀ፣ ለዓመታት ፈሳሽ ውስጥ የኖረ ወረቀት ነው። ብደግመው የጀርባውን ጽሑፍ ይዞት ይሄዳል።

"ይቀደዳል" አልኳቸው።

ወረቀቷን ከእጄ ተቀበሉኝ። መዝሙረ ዳዊታቸውን ከፍተው መሐል ላይ አኖሯትና ዘጉት።

"እንግዲያው እንዳለ ይቀመጥ" አሉ። "አንተንም ሳልወድ ጠዋት ጠዋት አይሃለሁ።"

በየጠዋቱ ዳዊት እንደሚደግሙ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ስሜ ያለበት ወረቀት ላይ ሲደርሱ ምን እንደሚሉ ጠይቄያቸው አላውቅም።