የተስተካከሉት ኦርጋኖች

አባቴ የሙዚቃ መሣሪያዎቹን ለመሸጥ የተስማማው ካስማለን በኋላ ነው። ዘጠኙም አንድ ላይ፣ ለአንድ ሰው፣ ያውም ለሚጫወትባቸው ሰው። «የአበባ ማስቀመጫ ለሚያደርጋቸው እንዳትሰጡብኝ» አለን። ታላቅ ወንድሜ ወዲያው ማለ። ሮቤ ላይ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል፤ መሐላ ለእሱ የዕለት ሥራው ነው። እኔም ተከትዬ ማልኩ።

አባቴ ዓይኑን ሞራ ጋርዶት፣ ጉልበቱም ከድቶት ነበር። እሱ ከሌለ የጎባ እርጥበት በልቶ እንደሚጨርሳቸው ያውቃል። ወንድሜ ደግሞ ሰፊውን ክፍል ለተከራይ ይፈልገዋል። ከዚያ በፊት መሣሪያዎቹን ተረክቦ የሚጠብቅ ፍለጋ ለየመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ጽፈናል። አንዱ «ክፍል እንሰጣለን» ብሎ ሰዎች ላከ። ሰዎቹ በየተራ ኦርጋን ላይ ተቀምጠው ፎቶ ተነሥተው ሄዱ። ክፍሉን እስከ ዛሬ እየጠበቅን ነው።

አምስት በእግር እየተረገጡ የሚነፉ የድሮ ኦርጋኖችና አራት አኮርዲዮኖች ነበሩ። ኦርጋኖቹ ሚሲዮኖች ሲዘጉ የቀሩ ናቸው። አኮርዲዮኖቹን የቀበሌ የኪነት ቡድን ከፈረሰ በኋላ ከትምህርት ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት፣ ከተሰበረ ወንበር ሥር ነው ያወጣቸው። አባቴ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የሙዚቃ መምህር ነበር። ሁለት ዓመት አገልግሎ ሊመለስ መጥቶ ዕድሜውን እዚሁ ጨረሰ። ሰፊው ክፍል የመሣሪያዎቹ ስለነበር እኛ ልጆቹ በአንድ አልጋ ተደራርበን አደግን። ደመወዙ ምን ላይ እንደሚውል ጫማችንን አይቶ ማንም ያውቅ ነበር።

ኦርጋንም ሆነ አኮርዲዮን ድምፅ የሚሰጠው ውስጡ በተደረደሩ ቀጫጭን የናስ ምላሶች ነው። ነፋስ ሲያልፍባቸው ይርገበገባሉ። ጫፋቸውን በሞረድ ፋቅ ስታደርጊው ድምፁ ይቀጥናል፣ ግርጌያቸውን ፋቅ ስታደርጊው ይወፍራል። ሌላው ሰው ይህን የሚያደርገው ወደ ፈረንጅ ቅኝታቸው ለመመለስ ነው። አባቴ ግን ያንን ቅኝት «የማንም ሰው ጉሮሮ አይደለም» ይል ነበር።

ስለዚህ አንድ መሣሪያ ቤት ሲገባ መጀመሪያ ሰው ይፈለግለታል። ከሪራ ማር ይዞ የሚመጣ ሽማግሌ ይሆናል፣ ወይም የብድሬ ከብት ነጋዴ፣ ወይም ጎረቤታችን የነበሩ አልቃሽ። ሰውየውን አጠገቡ አስቀምጦ ያዘፍነዋል። እየሰማ ይሞርዳል፣ ይሞክራል፣ እንደገና ይሞርዳል፤ መሣሪያው ከሰውየው ጋር እኩል እስኪዘፍን ድረስ። ገበያተኛው ሁሉ እብድ ይለው ነበር፤ ግን ይመጣል። ከዚያ በኋላ መሣሪያው የሚጠራው በዚያ ሰው ስም ነው። ሰውየው ሲሞት አባቴ ከለቅሶ ተመልሶ የእሱን ኦርጋን ይጫወታል።

ትንሿ ኦርጋን የእናቴ ነበረች። እናቴ የጎባ ኦሮሞ ናት። ሳይጋቡ በፊት፣ ወተት ስትንጥ የምታንጎራጉረውን አንጎራጉሪልኝ ብሎ አስቀመጣት። «ሁለት ሳምንት ለማይሞላ ሥራ አራት ወር አመላለሰኝ። ሞረዱ ደንዝዞ ነው ይለኛል!» እያለች ትስቅበት ነበር። ከሞተች ስድስት ዓመት ሆናት። ፎቶዋ አለን፤ የተቀዳ ድምፅ ግን የለንም። ማን ለእናቱ ድምፅ ይጨነቃል፣ በሕይወት ሳለች?

ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ሰምቼው ያደግሁት ስለሆነ አላወቅሁም ብዬ ማምለጥ አልችልም።

ገዢው አዲስ አበባ የሚኖሩ፣ ሙዚቃ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ አዛውንት ናቸው። ጥንታዊ መሣሪያዎች እየሰበሰቡ ለተማሪ ሊከፍቱት እንደሆነ ነገሩኝ። ዘጠኙንም እንደሚፈልጉ ተናገሩ። በስልክ የጠየቁኝ «በጥሩ ሁኔታ ላይ ናቸው?» ብቻ ነው። «በጣም» አልኩ፣ ስልኩንም ዘጋሁ፣ ከዚያ ፍርሃት ያዘኝ። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ሁሉ የእኛን ኦርጋኖች ነክቶ ሲስቅ ነው ያየሁት። በልጅነቴ አንድ እንግዳ «ይሄ ነገር ታሟል» ብሎ ቤቱን በሳቅ ሲሞላው አልጋ ሥር መግባት አምሮኝ ነበር። እና እንግዳ ሲመጣ የልጅ ፊት እንደሚታጠብ፣ ላጥባቸው አሰብኩ።

ወንድሜ አባቴን ሞራውን ሊያስገፍፍ ሐዋሳ ይዞት ሄዶ ነበር። ደውዬ ስነግረው «ጎሽ፣ ዋጋ ይጨምራል» አለኝ። ወደ ፈረንጅ ቅኝታቸው የሚመልሳቸው ባለሙያ ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። ትሁት፣ ሥራ ወዳድ ወጣት ነው፤ እሱን የምወቅስበት ነገር የለኝም። ድምፅ የሚለካ መተግበሪያ የተጫነበትን ስልኩን መሣሪያው ላይ ያስቀምጣል፣ ስልኩ አረንጓዴ እስኪያበራ ይሞርዳል፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል። በሁለተኛው ቀን ቀና ብሎ «ማን ነው እንዲህ ያደረጋቸው?» ሲል ጠየቀኝ።

«አላውቅም» አልኩት።

የእናቴን ኦርጋን ሲሠራ ምሳ ይዤለት ገባሁ። ከሥሩ የዘረጋው ጋዜጣ ላይ የናስ ብናኝ ተከምሯል። ጋዜጣውን አጥፌ አወጣሁና ጓሮ ጎመኑ ሥር አራገፍኩት።

አዛውንቱ ከአምስት ቀን በኋላ መጡ። ክፍሉ ተወልውሎ፣ መሣሪያዎቹ ተሰልፈው ይጠብቋቸዋል። የሪራውን ሽማግሌ ኦርጋን መርጠው ተቀመጡ፤ ጥቂት ተጫወቱና ቆሙ። ወደ ሁለተኛው ሄዱ። ወደ ሦስተኛው።

«ልጄ፣ ሌሎቹ የት አሉ?»

«እነዚህ ብቻ ናቸው።»

ስልካቸውን አውጥተው አንድ ቅጂ ከፈቱልኝ። የአባቴ ተማሪ የነበረ ሰው የላከላቸው ነው። የሪራው ሽማግሌ ጉሮሮውን ይጠርግና በኦሮምኛ «ጀልቀቢ!» ይላል፣ ጀምር ማለቱ ነው። ከዚያ ሽማግሌውና ኦርጋኑ አብረው ይነሣሉ፤ የትኛው ሰው፣ የትኛው ዕቃ እንደሆነ አይለይም። እኔ ሞኟ በኩራት «አዎ፣ ድሮ እንደዚያ ነበሩ። አሁን አስተካክለናቸዋል» አልኩ።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

«የተፋቀ ናስ አይመለስም እኮ፣ ልጄ።»

ያን ጊዜ ገባኝ፣ ገብቶኝም ተቆጣሁ። «ታዲያ በስልክ ለምን አልነገሩኝም?» ብዬ ጮህኩባቸው፣ በአባቴ ዕድሜ ባሉ ሰው ላይ። «ሰው ይነካቸዋል ብዬ አላሰብኩም» አሉ። የፈላውን ሻይ ሳይቀምሱ ወጡ። በሩ ላይ «አባትሽ ያውቃሉ?» ብለው ጠየቁኝ። ሻዩን አንሥቼ ወደ ጓዳ ገባሁ።

አባቴ የተመለሰው በማግስቱ ነው። ዓይኑ በርቶለት የልጅ ያህል ተደስቶ ነበር። የግድግዳውን ቀለም፣ የእኔን ሽበት ሳይቀር እያየ ይስቃል። ገና መንገድ ላይ ሳለ፣ ድምፄን ሳይሰማ ከሩቅ ለይቶ ነው የጠራኝ። ቀጥ ብሎ ወደ ትንሿ ኦርጋን ሄደ። መርገጫውን ረገጠና ያችን የመናጫ ዜማ ጀመረ። ሦስት ድምፅ ሳይሄድ አቆመ። እንደገና ጀመረ። ጆሮውን አስጠግቶ አንዱን ቁልፍ ብቻ ብዙ ጊዜ ተጫነው። ከዚያ የነጋዴውን አኮርዲዮን አንሥቶ ሞከረና መልሶ አስቀመጠው።

ወንድሜ ወደ እኔ አየ። እኔ ወለሉን አየሁ።

«ጠፋችብኝ» አለ አባቴ። «ሁሉም ጠፉብኝ። ዓይኔ ሲመጣ ጆሮዬ ሄዷል ማለት ነው።»

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። እውነቱን ብነግረው ይረግመኝ ይሆናል፣ ጆሮው ግን ይተርፍለት ነበር። እኔ ያልኩት «እርጅና ነው፣ አባዬ» ነው። ወንድሜም ፈጥኖ «ሐኪሙ ያጋጥማል ብሎናል» ብሎ ጨመረበት። አባቴ ሁለታችንንም አመነን።

«እንግዲህ ሽጧቸው፣ ለማንም ይሁን» አለ።

ሮቤ ያለ አንድ ሆቴል አራቱን ኦርጋኖች ለእንግዳ መቀበያው ወሰደ፤ ላያቸው ላይ የፕላስቲክ አበባ አለ። አኮርዲዮኖቹ ሙሽሮች እያቀፏቸው ፎቶ እንዲነሡ ለሠርግ ዲኮር አከራይ ተሸጡ። ትንሿን እኔ ወሰድኳት። ደህና አድርጋ ትጫወታለች፤ ከማንኛዋም ኦርጋን አትለይም። ስለዚህ አልከፍታትም።

በየእሑዱ ልነግረው ብዬ ከምኖርበት ከሮቤ ሚኒባስ እሳፈራለሁ፣ በየእሑዱም ስለ ዋጋ ውድነት አውርቼ እመለሳለሁ። ባለፈው ስሄድ አንድ የድሮ ተማሪው ክራር ይዞ «ቲቸር፣ ይቃኙልኝ» ብሎ መጥቶ ነበር። አባቴ ክራሩን አልነካውም። «ጆሮዬ ሞቷል ልጄ፣ ሌላ ሰው ፈልግ» አለው፣ ስላስለፋውም ይቅርታ ጠየቀው። ሰውየውን እስከ አጥሩ በር ድረስ ሸኘሁት። «ምነው፣ ቲቸር ምን ነካቸው?» አለኝ።

«እርጅና ነው» አልኩት፤ በሩንም ዘጋሁ።