ጣሰው ማዕበል ላይ የቆመ ዕለት

በኦሃዮዋ ኮሎምበስ፣ ኢስትሙር ሰፈር ውስጥ አራት መንገድ የሚገናኝበት፣ በአራቱም በኩል የቁም ምልክት የተተከለበት አንድ መስቀለኛ አለ። ሕጉ ግልጽ ነው፤ ቀድሞ የደረሰ ቀድሞ ያልፋል። ጣሰው ግን እዚያ መስቀለኛ ላይ ቀድሞ አልፎ አያውቅም። ቀድሞ ይደርሳል፣ ይቆማል፣ ከዚያ እጁን በመስኮት አውጥቶ የቀኙን መኪና እለፍ ይላል፣ የግራዋን እለፊ ይላል፤ ከፊት ለፊቱ የቆመው ሽማግሌ ከሆነ ደግሞ አንገቱን ሰበር አድርጎ ይጠብቃል። ከኋላው ያለው ሰው ጥሩምባውን ሲያንባርቅበት በመስታወቱ ውስጥ እጅ ይነሳዋል። ልጁ ሉሊት መኪና የለመደችው ከእሱ ጋር ስለነበር የመጀመሪያውን የመንጃ ፈቃድ ፈተና የወደቀችው በዚሁ ነው። ፈታኙ ሰዓቱን አይቶ "መቼ ነው የምንሄደው?" ብሎ ጠየቃት አሉ።

ጣሰው ሃምሳ ዓመትን በቅርቡ የተሻገረ፣ በዲቪ መጥቶ ግማሽ ዕድሜውን ኮሎምበስ የኖረ ሰው ነው። ግሮቭ ሲቲ ካሉት ሰፋፊ መጋዘኖች በአንዱ ውስጥ ጭነት የሚያነሳውን ፎርክሊፍት ይነዳል። ክረምት ሲሆን የማራገፊያው በሮች እንደተከፈቱ ይውላሉ፤ ብርዱ በእግር ይገባና ጉልበት ላይ ቤቱን ይሠራል። ከማራገፊያው ፊት ለፊት ባለመስታወት ክፍል አለች። ማሞቂያ አላት፣ ወንበር አላት፣ የፈረቃው አለቃ፣ የሺፍቱ ሊድ፣ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ጣሰው ያችን ክፍል ይመኛት ነበር። ለማንም አልተናገረም እንጂ በጣም ነበር የሚመኛት፤ ጉልበቱ በጠዘጠዘው ቁጥር ዓይኑ ወደዚያው ይሄዳል።

ባለፈው ዓመት ቦታው ክፍት ሲሆን ማናጀሩ ጣሰውንና አንዋርን ጠርቶ "ከሁለት አንዳችሁ አፕላይ አድርጉ፣ ማናችሁም ብትሆኑ ደስ ይለኛል" አላቸው። አንዋር ከጣሰው ሰባት ስምንት ዓመት የሚበልጡ፣ የገባውን ዕቃ የሚረከቡ፣ ሲስቁ ድምፅ የማያሰሙ ሰው ናቸው።

"ጋሼ አንዋር፣ እርስዎ እያሉ እኔ እንዴት ብዬ?" አለ ጣሰው።

"ተው አንተ። እንግሊዝኛውም ለአንተ ይሻላል። አንተ ግባበት።"

"ኧረ በጭራሽ አይሆንም።"

"በአላህ ይዤሃለሁ።"

"እኔም በእግዜር ይዤዎታለሁ።"

ምሳ ሰዓት ላይ የተጀመረው ግብዣ ፓርኪንግ ሎት ድረስ ተከተላቸው፤ በማግስቱም ካቆመበት ቀጠለ። እነሱ ሲገባበዙ የማመልከቻው ቀን አለፈ። ሥራውን የሁለቱንም ስም አስተካክሎ መጥራት የማይችል፣ ከተቀጠረ ገና ወራት የሆነው ጎረምሳ ወሰደው። ልጁ ክፉ አልነበረም። ማሞቂያውን ግን ክረምቱን ሙሉ እስከ መጨረሻው ከፍቶ በካናቴራ ነበር የሚቀመጠው፤ ይኼ ጣሰውን አንጀቱን አቃጠለው።

ሉሊት ነገሩን ስትሰማ ማንኪያዋን አስቀመጠች። "ዳድ፣ ዛት ኢዝ ኖት ፖላይት። ዛት ኢዝ ክሬዚ" አለች።

ዘንድሮ ጎረምሳው ሂሊያርድ ከተማ ሌላ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ ክፍሏ እንደገና ባዶ ሆነች። ማመልከቻው የሚዘጋው ሰኞ ነው። ሉሊት አባቷን በምክር እንደማትረታው ከመስቀለኛው ጊዜ ጀምሮ ስለምታውቅ ወደ ባሕር ልትወስደው ወሰነች።

ኮሌጅ የተማረችው ሰሜን ካሮላይና ነው፤ ዲግሪ ልታመጣ ሄዳ ዲግሪና ሰርፍ ይዛ ተመለሰች። በሰሌዳ ላይ ቆሞ በማዕበል መንሸራተት በሽታ ነው፤ ከባሕር አንድ ሙሉ ቀን መንገድ ርቆ ኦሃዮ መሐል የሚኖር ሰው ሲይዘው ደግሞ ይብሳል። አባቷንም አልማረችውም። አስቀድማ የከተማው መዋኛ ገንዳ አስመዝግባው ከሕፃናት ጋር ዋና ተምሯል፤ እዚያም ቢሆን ሕፃናቱን እያስቀደመ። ባለፈው መስከረም ባሕሩ ድረስ ወስዳው ጨው ጠጥቶ ተመልሷል። እናቷ ምህረት ዘንድሮም እንደሚሄዱ ስትሰማ "ሰው ጉልበቱን ሲያመው ሐኪም ቤት ነው የሚሄደው" ብላ ምሳ ቋጠረችላቸው።

መንገድ ላይ ሉሊት ውሏን አቀረበች። "አንዴ፣ ጀስት አንዴ ቦርዱ ላይ ከቆምክ አፕላይ ታደርጋለህ። ካልቆምክ ስለ ሥራህ ሁለተኛ አልናገርም። ዲል?"

"ዲል" አለ ጣሰው። እንደማይቆም እርግጠኛ ስለነበር እሺ ማለቱ አልከበደውም። እውነቱ ግን ልቡ ሌላ ነበር። ቆሞ ቢገኝ ሥራውን የጠየቀው እሱ ሳይሆን ውሉ ይሆናል፤ ከማንም የቀማው ነገር አይኖርም። ሳይጠይቅ የሚያገኝበት አንድ መንገድ ይኼ ብቻ ነበር፤ ስለዚህ ለመቆም ጓጓ።

የባሕሩ ዳር ሰው ጥሎት የሄደ ይመስላል። ከመንገዱ ወዲያ ሣር የበቀለበት የአሸዋ ክምር፣ ከክምሩ ወዲያ ውኃ፤ ሱቅ የለ፣ ጃንጥላ የለ፣ ጠባቂ የለ። ነፋሱ አሸዋ እየዘገነ ቁርጭምጭሚት ይገርፋል። ከዳር ራቅ ብሎ ውኃው ሥር የአሸዋ ጉብታ አለ፤ ከሩቅ የመጣ ማዕበል እዚያ ሲደርስ እንደተጠለፈ ሰው ወደፊት ይደፋል። ሰርፍ የሚያደርጉት ሰዎች የሚጠብቁት ያንን መደፋት ነው። ጉብታውም ቢሆን አይታመንም፤ ትናንት የነበረበት ዛሬ የለም። ሉሊት ጠዋት ጠዋት ክምሩ ላይ ወጥታ ማዕበሉ የት እንደሚሰበር አጥንታ ትወርዳለች።

"ሩሉ አንድ ነው" አለችው የጎማ ልብሱን ከጀርባው እየቆለፈች። "ማዕበሉ መሰበር የሚጀምርበት ጋ ቅርብ የሆነው ሰው፣ ኢትስ ሂዝ፣ የእሱ ነው። እሱ እየመጣ ፊቱ ከተነሳህ ሰረቅከው ማለት ነው። በጣም ሩድ ነው፣ ሰዎች ይጣላሉ።"

ጣሰው ደስ አለው። "ቅድሚያ መስጠት አለ ማለት ነው?"

"አለ። ግን ተራህ ሲደርስ ትወስዳለህ።"

የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ይዞ ውኃ ገባ። እንዳለመታደል ሆኖ ያ ባሕር የጡረተኞች ነበር። ግራ ቢያይ ሽበት፣ ቀኝ ቢያይ ሽበት። ማዕበል በመጣ ቁጥር ጣሰው ሰሌዳው ላይ በሆዱ እንደተኛ እጁን ዘርግቶ ያስቀድማል። አንዱ ሽማግሌ ሄዶ እስኪመለስ ሌላው ይደርሳል። ለእሱ የሚተርፈው ጉልበት የጨረሰ አረፋ ነው፤ በዚያ ሊነሳ ሲሞክር አንድ ጉልበቱ ላይ ይደርስና ይገለበጣል። ሉሊት ከዳር ሆና "ጉልበትህን ዕጠፍ! ዝቅ በል! ቀና ብለህ እይ!" ትላለች። ሦስቱን አንድ ላይ ማድረግ የሚችል ሰው መኖሩን ጣሰው ተጠራጠረ።

በሁለተኛው ቀን ባሕር ውስጥ ያለው ሁሉ ወደደው። ስሙን ጠይቀው ተዋወቁት፣ ቡና ጋበዙት።

"ጥሩ ሰዎች ናቸው" አለ ማታ።

"ኦፍ ኮርስ ጥሩ ናቸው። ማዕበሉን ሁሉ ሰጥተሃቸው።"

"ትልልቅ ሰዎች ናቸው፣ ሉሉዬ።"

"ዳድ፣ ባሕር ውስጥ ትልቅ ሰው የለም" አለችው። ጣሰው በሕይወቱ እንደዚህ ያለ የሚያስፈራ ነገር ሰምቶ አያውቅም።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ጣሰው ተስፋ ቆረጠ። ትከሻው ዝሏል፣ ጉልበቱ ከመጋዘኑ ብሶ ይጠዘጥዘዋል፤ ከዚያም በላይ አዝኗል። መስታወቷን ክፍል በዚያች ቅጽበት ከልቡ አወጣት። እንግዲህ እዚያው ብርዱ ላይ ጡረታ ይወጣል። ሰሌዳው ላይ በሆዱ ተኝቶ ቀስ እያለ ወደ ዳር መቅዘፍ ጀመረ።

ማዕበሉ ከኋላው መምጣቱን አላየም። ብቻ ሰሌዳው ከሥሩ ከፍ አለና ፈጠነ። ወደ ግራ ዞር ሲል፣ በዚያው ማዕበል ላይ ከስብራቱ በኩል አንድ ሰው እየመጣ ነው። ጢማቸው ነጭ፣ ራሳቸው ነጭ፣ ሰባ ዓመትን ያለፉ ሽማግሌ፣ ቀጥ ብለው ቆመው ወደ እሱ ይመጣሉ። ጣሰው ደግሞ በሆዱ ተጋድሟል።

አባቱ ቤት ትልቅ ሰው እየገባ የተጋደመ ልጅ ምን እንደሚደርስበት ጣሰው አልረሳም። ሰውነቱም አልረሳም። ጭንቅላቱን ሳያማክር ተነሳ። ከወገቡ ሰበር፣ ከጉልበቱ ዕጥፍ አለ፤ እጁን ወደ ሽማግሌው ዘርግቶ፣ ቀና ብሎ ፊታቸውን እያየ "ኖር!" አለ።

"በእግዜር" የሚል አልነበረም። ሽማግሌው መንገዳቸው ላይ ድንገት ሰው ሲበቅልባቸው ሊዞሩ ሞክረው ሰሌዳቸው ወዲያ፣ እሳቸው ወዲህ ተወረወሩ። ጣሰው ግን ጉልበቱ ታጥፎ፣ ወገቡ ዝቅ ብሎ፣ ዓይኑ ቀና እንዳለ ቀጠለ። ሉሊት ሦስት ቀን ሙሉ የጮኸችው በሙሉ በአንድ እጅ መንሳት ውስጥ ነበር። ሰሌዳው አሸዋውን እስኪነካ ሄደና ቆመ፤ ጣሰውም ከአውቶቡስ እንደሚወርድ ሰው ወረደ።

ሽማግሌው ውኃ እየተፉ ተከተሉት። "የእኔ ማዕበል ነበር" አሉት።

"በጣም ይቅርታ ጌታዬ። ሲመጡ አይቼዎት ነው የተነሳሁት።"

"አይተኸኝ?"

"አዎ ጌታዬ። ስላየሁዎት ነው።"

ሽማግሌው ሲቆጡ እንግሊዝኛቸው ፈጠነ፣ ጣሰው ሁሉንም አልያዘውም። ቡና የጋበዙት ሰዎች ከውኃው ውስጥ ሆነው ፊታቸውን አዞሩ። በዕድሜው ሙሉ የሰው ተራ ነክቶ አያውቅም፤ አሁን ግን ከሁሉ በሚበልጡት አዛውንት ላይ፣ ያውም በማክበር፣ የባሕሩን ትልቁን ነውር ሠርቶ ቁጭ አለ። ጆሮው ድረስ በኀፍረት ጋለ።

ሉሊት ስልኳን እንደያዘች እየሮጠች መጣች። ታለቅሳለች፣ ትስቃለች። "ቆምክ! ዳድ፣ ሰረቅከው! ማዕበሉን ሰረቅከው!" ብላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። የትምህርት ቤት ሽልማት ስትቀበል እንኳ እንደዚያ ስትኮራ አላያትም ነበር፤ የኮራችውም በእሱ ነበር።

መኪናው ውስጥ ቪዲዮውን ደጋግማ አየችው። "እዚህ ጋ አፍህ ይንቀሳቀሳል። ምን እያልክ ነው?"

እውነቱን ሊነግራት አፉ ድረስ መጣ። ዓይኗን አየና "ጸሎት ነው" አለ።

"ዲል ኢዝ ዲል" አለችው። ማመልከቻውን ከፍታ ስልኩን ሰጠችው። ጣሰው መጀመሪያ ለጋሼ አንዋር ልደውል አለ፤ "ኖ፣ ከደወልክ ታውቃለህ ምን እንደሚሆን" አለችው። ያውቃል። በአሸዋ የቆሸሸ ጣቱን ሱሪው ላይ ጠርጎ "ላክ" የሚለውን ተጫነው።

የዌስት ቨርጂኒያን ተራሮች ሲያቋርጡ ሁሉ የሚያስበው አንዋርን ነበር። በአካል እነግራቸዋለሁ ብሎ ራሱን አጽናና። ሰኞ ሊነግራቸው ሲል የጭነት መኪና መጣ። ማክሰኞ ሲያያቸው ስለ ጉልበቱ ጠየቁት፤ ጉልበትህ እንዴት ነው ላለ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ከየት ይጀመራል። ሳምንቱም፣ ተከታዩም እንዲሁ አለፈ። ማናጀሩ በጠዋቱ ስብሰባ ላይ አዲሱ ሊድ ጣሰው ነው ሲል አንዋር ከሁሉ ጋር እኩል ሰሙ። ከሁሉ ጋር እኩልም አጨበጨቡ።

ጣሰው ያን ቀን መስታወቷ ክፍል ገባ። ማሞቂያው እንዳሰበው ነበር፣ ወንበሩም እንዳሰበው። ጉልበቱ ከስንት ዓመት በኋላ ዝም አለለት። ሊደሰት ፈለገ፤ ግን መስታወቱ ሁሉን ያሳያል፣ አንዋርም በወፍራም ጃኬታቸው በሩ ላይ ሆነው ሣጥን ይቆጥራሉ።

ምሳ ሰዓት ላይ ይቅርታ ሊጠይቃቸው ቆርጦ መመገቢያው ክፍል ሄደ። አንዋር እንደ ወትሮው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ጣሰው ሲገባ አዩት፤ ማንኪያቸውን አስቀመጡ፣ ጠረጴዛውን ተደግፈው ተነሱ።

"ኖር" አሉ። "ይግቡ አለቃ።"

ጣሰው ደነገጠ። እኚህ ሰው ተነስተውለት፣ እርስዎ ብለውትም አያውቁም። ቀልድ ይሁን ቅያሜ ከፊታቸው ሊያነብ ሞከረ፤ ሰውየው ሲስቁም ሲቀየሙም ድምፅ አያሰሙም።

"ጋሼ አንዋር፣ በእግዜር፣ ይቀመጡ።"

"እርስዎ ሳይቀመጡ?"

"እርስዎ ቆመው እኔ እንዴት ብዬ?"

"በአላህ ይዤዎታለሁ።"

ጣሰው ወንበር ስቦ ያዘላቸው፤ አንዋርም ሌላ ወንበር ስበው ያዙለት። ሰዎች በልተው ጨርሰው ወጡ። ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ፤ ሉሊት ናት። ወንበሩን በአንድ እጁ እንደያዘ አነሳው።

"ዳድ፣ ፈርስት ዴይ እንዴት ነው? አዲሱ ወንበርህ ተመቸህ?"

ጣሰው አንዋርን አየ። አንዋር እየጠበቁ ነው።

"ገና አልተቀመጥኩም" አለ።