ካርታው ላይ የቀላው ጥግ

አዲስ አበባ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱ ላይ ዓሣ ስሸጥ፣ ዓሣው የሚመጣልኝ ደቡብ ከተወለድኩበት ሐይቅ ነበር። ታናሽ ወንድሜ እዚያው ያጠምዳል። አንድ ዓመት መረቡ ባዶውን ይወጣ ጀመር። ከሌላ ቦታ የመጡ ዓሣ ነጋዴዎች በባለ ሞተር ጀልባ ሐይቁን ሲያስሱት ይውላሉ፤ እሱ በመቅዘፊያ የት ይደርሳል?

ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የልጅ ልጄ ያኔ ኮምፒውተሯ ላይ አፍጥጣ የምታየው ውቅያኖስ ነበር። ሳተላይት ከላይ ሆኖ የውሃውን ሙቀትና አረንጓዴነት ይለካል፤ እሷና አብረዋት የሚማሩት ከዚያ ተነሥተው ዓሣ የት እንደሚሰበሰብ ይገምታሉ።

«ባሕር ለሌለን ምን ያደርግልናል?» አልኳት።

«ሐይቅ አለን አይደል እማዬ? ልሞክረዋ!»

ሞከረችው። በሐይቃችን ካርታ ላይ አንድ ጥግ ቀላ። ዓሣው እዚያ ነው አለች። ለወንድሜ ልትደውልለት ስትል ተቆጣሁ።

«ለእኔ ወንድም ብቻ? ሌላው አጥማጅ ልጅ የለውም? ከሰማይ የታየ ነገር ለሁሉም ይነገር!»

«ገና ግምት ነው እኮ። ቦታውን በዓይኔ አላየሁትም።»

«ግምቱም ቢሆን እኩል ይድረስ!»

አሳተመችው። ዓሣ በሚያመጣልኝ ሾፌር ላክሁና ጀልባ ማቆሚያው ላይ ተለጠፈ።

በሳምንቱ ሣጥኑ ጢም ብሎ መጣ። ደስ አለኝ። የመጀመሪያውን ዓሣ ስሰነጥቀው ሆዱ እንቁላል ብቻ ነው። ሁለተኛውም። ሦስተኛውን ሳልነካ ቢላዬን አስቀመጥኩ።

የበልግ ዝናብ ጀምሮ ነበር። በእኛ አገር በልግ ሲገባ ሽማግሌዎች ደንገል የበቀለበትን ጥግ ይዘጋሉ፤ ዓሣው እንቁላሉን ጥሎ እስኪጨርስ መረብ አይጣልበትም። ይህን ከልጅነቴ አውቃለሁ። ግን ካርታ ማንበብ አልችልም፤ ቀዩን አየሁ እንጂ የቱ ጋ እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ለወንድሜ ደወልኩ።

«የደንገሉ ጥግ እኮ ነው፣ እትዬ። እኔ አልጣልኩም። ነጋዴዎቹ ግን ‹ከአዲስ አበባ የመጣ ነው› እያሉ ወረቀቱን ለሽማግሌዎቹ አሳይተው ገቡበት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«እርስዎ የላኩት ነዋ! የሚያውቁ መስሎኝ።»

የልጅ ልጄ አጠገቤ ቆማ ትሰማ ነበር። «አንቺ ነሽ እኩል ይድረስ ያልሽው» አላለችኝም። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ሣጥኑ ግማሽ እንኳ አልሞላም። ነጋዴዎቹ ጀልባቸውን በመኪና ጭነው ወደ ሌላ ሐይቅ ሄዱ። ወንድሜ የት ይሄዳል? እዚያው ይቀዝፋል።