ለራሴ የሰጠሁት ሁለት

አዘዞ በሚገኝ ትልቅ የእርዳታ ድርጅት ቢሮ በጽዳት ስሠራ ውሌ በየዓመቱ ሰኔ ላይ ነበር የሚታደሰው። ሰኔ ሲቃረብ ምግብ አይወርድልኝም። ልጆቼን ብቻዬን ነው የማሳድገው፤ ሥራው ከቀረ ትልቋን ከትምህርት ቤት አስወጥቼ ሰው ቤት ላስቀጥራት ነው ብዬ እፈራለሁ። የገባሁበትን ክፍል ቆልፌ ከወጣሁ በኋላ እንኳ ተመልሼ ቁልፉን ሦስት ጊዜ እነካለሁ።

አንድ ዓመት አዲስ ፎርም መጣ። ሥራ አስኪያጁ ሰብስበውን፣ «በዚህ ቤት ሁሉም እኩል ነው፤ ከእኔ ጀምሮ እስከ ዘበኛው ራሱን ይመዝናል። ነጥቡ ከአንድ እስከ አምስት ነው» አሉን። ፎርሙን ዝናብ እንዳይነካው በፌስታል ጠቅልዬ ቤት ወሰድኩት። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ስለሆነ ሰባተኛ ክፍል የደረሰችው ትልቋ ልጄ አነበበችልኝ።

«‹ሥራዬን በጥራት እሠራለሁ› ይላል። ስንት ልጻፍ እማ?»

«ሁለት።»

«ምነው? እንዲህ እየለፋሽ!»

«ሰው ራሱን አያመሰግንም። እነሱ አይተው ከፍ ያደርጉታል።»

እንግዳ ሲጋበዝ «በቃኝ» ይላል፤ ባለቤቱ ደግሞ «በሞቴ» ብሎ ያጎርሰዋል። እኔም በቃኝ ያልኩት «በሞቴ» እስኪሉኝ ነበር። «ሰዓት አከብራለሁ» የሚለው ላይ ብቻ ሦስት አስጻፍኩ፤ እሱንም አፍሬ ነው።

በማግስቱ በሩ ላይ ዘበኛችንን አገኘኋቸው። የጎንደር ሰው፣ ሙስሊም፣ ሽማግሌ፣ ቀልደኛ ናቸው።

«አያ፣ ለራስዎ ስንት ሰጡ?»

«አንድ። አላህ እንኳ አንድ ነው፤ እኔ ከእሱ ልበልጥ ነው?»

ሳምንት ሳይሞላ የአስተዳደር ኃላፊዋ ሁለታችንንም አስጠራችን። ከአዲስ አበባ የመጣች ወጣት ናት።

«ከሦስት በታች ያገኘ ሠራተኛ ውሉ አይታደስም። ፎርሙ ነገ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ይላካል። ምን ሆናችሁ ነው?»

«እናንተ ከፍ ታደርጉታላችሁ ብዬ ነው» አልኩ።

«የሠራተኛን ነጥብ እኛ መንካት አንችልም። በሉ እንደገና ሙሉ» ብላ አዲስ ወረቀት ሰጠችን።

እስክሪብቶውን ያዝኩ። ልጄን አስቤ አምስት ልጽፍ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ሰው ፊት ራሴን ሳወድስ እናቴ ከመቃብር የምታየኝ መሰለኝ።

አያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ እኔም የራሴን አልችልም። የእሷን ግን ልናገር።»

ኃላፊዋ ትንሽ አሰበችና፣ «እርስዎ ይናገሩ፣ እኔ እጽፋለሁ፤ ፊርማው ግን የእሷ ይሁን» አለች።

«ከአዲ አርቃይ የመስክ ሥራ የሚመለሱት ሠራተኞች ቦቲ ጫማቸው በጭቃ ተለውሶ ይመጣል። ጠዋት ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ጥንድ ጥንዱ ተደርድሮ ያገኙታል። አንቺስ የራስሽን ማን ያጠበው መስሎሽ ነበር?»

ኃላፊዋ ጫማዋን አየች። «እርስዎ መስለውኝ ነበር» አለች።

«እኔ? የራሴንም አላጥብ!»

«አያ፣ ይበቃል» አልኩ አቀርቅሬ።

«ዝም በይ፤ ተራሽ ሲደርስ ትናገሪያለሽ።»

ተራዬ ሲደርስ አፌ ተፈታ። አያ ዝናብ በመጣ ቁጥር የቢሮውን ሴቶች በገዛ ጃንጥላቸው እስከ ሚኒባሱ እንደሚሸኙ፣ ራሳቸው በስብሰው እንደሚመለሱ፣ ከመንደር ለአቤቱታ የሚመጣውን ገበሬ በር ላይ ሳያስቆሙ ወንበር እንደሚሰጡት ነገርኳት። አንድም ቃል አልጨመርኩም፤ ስለ ሌላ ሰው መናገር እንዲህ ይቀላል።

«ጉድለት የላቸውም?» አለች።

«ቀልዳቸው።»

እየሳቀች ጻፈች፤ ፈረምን። የሁለታችንም ውል ታደሰ።

በሚቀጥለው ሰኔ ያው ፎርም መጣ። ስምንተኛ ክፍል የደረሰችው ልጄ እስክሪብቶዋን ይዛ፣ «ስንት ልጻፍ?» አለችኝ።

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ፣ «አራት» አልኳት።

«አምስት አይሆንም?»

«አምስተኛዋን አያ ይጨምሩልኝ።»