ለሕያው ልጅ የተተከለ ድንኳን

ይህን ነገር እስካለፈው ሳምንት ድረስ ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። ለነፍስ አባቴ እንኳ። በየጊዜው ፊታቸው ቀርቤ ጾም መሻሬን፣ በሰው መቅናቴን፣ እናቴን መቆጣቴን ዘርዝሬያለሁ። «ሌላስ?» ይሉኛል። «ሌላ የለም አባ» እላለሁ። ሌላ ግን ነበረ። የተናዘዝኩት ሁሉ ቢደመር ያንን አያክልም። አሁን መሸከሙ ሰልችቶኛል። ጸጸት ነው ብዬ ራሴን ማሳመር አልፈልግም፤ ድካምም ሊሆን ይችላል። ብቻ እንደ ነፍስ አባት ሆናችሁ እስከ መጨረሻው ስሙኝ፣ ከዚያ ፍረዱብኝ።

ዛሬ ሃይሌ ጋርመንት አካባቢ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ የሰርግ ቪዲዮ አቀናብራለሁ። ያኔ ግን ሌላ ሰው ነበርኩ፤ ወይም ሌላ ሰው የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። ከአብሮ አደጌ ከይትባረክ ጋር በየሐይቁ እየቀዘፍን፣ የምንቀዝፈውን እየቀረጽን ኢንተርኔት ላይ እንለቅ ነበር። ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ ፈረንጅ ሁለት ካያክ ገዝተን ነበር፤ አንድ ሰው እግሩን ዘርግቶ የሚቀመጥባቸው ጠባብ የፕላስቲክ ጀልባዎች። ማስቀመጫ ስላልነበረን ነፋስ ስልክ፣ በይትባረክ እናት በእትዬ ዘነበች ግቢ ውስጥ ደፋናቸው። ሰፈሩ ሳቀብን። «ሲሉ ሰምታ ዶሮ በመጫኛ ታንቃ ሞተች» አሉን ጎረቤቶች። ክረምት ገብቶ መንገዱ ጎርፍ ሲሆን ልጆቹ አጥሩን እየደበደቡ «እስከ ሃይሌ ጋርመንት አድርሱን!» ይሉናል። እትዬ ዘነበችም ጀልባዎቹን አይወዷቸውም ነበር፤ ግን ልብስ ያሰጡባቸው ነበር።

ላንጋኖን፣ ዝዋይን፣ ሐዋሳን ቀዘፍን። ውሃውን የሚያውቀው ይትባረክ ነበር፣ ካሜራው የእኔ። የሚያየን ሰው ግን አልነበረም። ጓደኛና የአክስት ልጅ፣ በቃ። እኔ ይሄ ያንገበግበኝ ነበር። ይትባረክ ለውሃው ነበር የሚሄደው፣ እኔ ለተመልካቹ። ልዩነታችን ይሄው ነው፤ ቀድሜ ባውቀው ኖሮ ምናልባት እቤቴ እቀመጥ ነበር።

በመጨረሻ አባያ ሄድን። አባያ ውሃው ቀይ ነው፣ አዞ አለበት፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳል። ዳሩን ይዘን ስንቀዝፍ ማዕበሉ መጣና ይትባረክን ገለበጠው። እኔ ከኋላው ነበርኩ፣ ካሜራው ክፍት ነበር። የጀልባው ሆድ ወደ ላይ ሆነ፣ መቅዘፊያው ብቻውን ተንሳፈፈ፣ ሰው የለም። ልቤ ቀጥ አለ፤ ይህን እንኳ ለራሴ ልመስክር። ከዚያ በወዲያኛው በኩል ብቅ አለ፣ ጀልባውን አቅፎ ውሃ እየተፋ። «አንተ ከብት! ካሜራውን ተውና ያዘኝ!» አለኝ፣ እየሳቀ። ዓሣ አጥማጆች ያሉበት ዳርቻ ደረስን። የይትባረክ ስልክ ውሃ ገብቶበት ሞቷል፣ ጀልባውም ተሰንጥቋል። እሱ ስንጥቁን ሊደፍን እዚያው ቀረ፤ ኔትወርክ የሚባል ነገር በሌለበት። እኔ ባትሪ ልሞላና ቪዲዮ ልለቅ በአጥማጆቹ የሞተር ጀልባ ወደ አርባ ምንጭ ተሻገርኩ።

ሆቴል ገብቼ የቀረጽኩትን ከፈትኩ። የት ላይ እንደምቆርጠው ወዲያው ታየኝ። እጁ ከውሃው ብቅ ከማለቱ በፊት። የተገለበጠ ጀልባ፣ ባዶ ውሃ፣ የእኔ ጩኸት፣ ጨለማ። ርእሱንም እኔ ጻፍኩት፦ «ይትባረክን አባያ ወሰደው?» ቀሪው ነገ ጠዋት ይለቀቃል ብዬ ዘጋሁት። የጥያቄ ምልክት አድርጌበታለሁ። ለዓመታት የተሸሸግሁት ከዚያች ምልክት ጀርባ ነው፤ ጠየቅሁ እንጂ ሞተ አላልኩም እያልኩ። ማንን ነበር የጠየቅሁት? መልሱን የማውቀው እኔ ብቻ አልነበርኩም እንዴ?

ሰው ጎረፈ። እንደዚያ ያለ ተመልካች አይቼ አላውቅም። ስልኬ ሲጮህ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ወደ ማታ ግን የጋሽ ደበበ ስም መጣ፤ የእሳቸውን ስልክ አለማንሳት አልቻልኩም።

ጋሽ ደበበ ጡረታ የወጡ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ናቸው፣ የእድራችን ዳኛ ነበሩ። በሰፈራችን ሰው ሲሞትበት በንጋት በር የሚያንኳኩት እሳቸው ነበሩ። ሰው መርዶ የሚነግረውን አይወድም፤ ጋሽ ደበበን ግን ይወድ ነበር፣ ምክንያቱም ሳያጣሩ ነግረው አያውቁም። ለዚህ ነበር የደወሉት።

«ልጄ፣ ያንን ነገር የልጅ ልጄ አሳየችኝ» አሉ። «እናቱ ገና አልሰማችም። መንገድ ላይ ሰምታ ከምትወድቅብን እንደ ሰው ንገረኝ። ልጁ አለ ወይስ የለም?»

አለ። ይህችን ቃል ማለት ምን ይከብዳል? ግን እሳቸው ለልጅ ልጃቸው ይነግራሉ፣ እሷ ከቪዲዮው ሥር ትጽፈዋለች፣ ነገ ጠዋት ቀሪውን ሊያይ የሚመጣ አይኖርም። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰብኩት። አሰብኩት፤ አልተሳሳትኩም፣ አልደነገጥኩም።

«ጋሽ ደበበ፣ አሁን ምንም ማለት አልችልም» አልኳቸው። ድምፄንም ዝቅ አደረግሁት።

በእኛ አገር እንዲህ ያለ ሰው ምን እንዳለ ሕፃን ልጅም ያውቃል። እኔም አውቄ ነው ያልኩት። ሲተነፍሱ ይሰማኛል። ከዚያ «አይዞህ ልጄ» አሉኝ። «ብቻህን እንዳትሆን። የሚበላም ቅመስ። እናቱን ለእኔ ተውልኝ።»

እኔን አጽናኑኝ። በሕይወት ላለ ጓደኛዬ እኔን አጽናኑኝ! ስልኩን ስዘጋ ጠዋት ምን እንደሚሆን ጠፍቶኝ አልነበረም። መልሶ መደወል ይቻል ነበር። አልደወልኩም። ዓሣ ጥብስ አዝዤ በላሁ። ስልኬን ድምፁን አጥፍቼ ተኛሁ። እንቅልፍ እምቢ አለኝ ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ተኝቻለሁ፣ ደህና አድርጌ።

ጠዋት የሆነውን ሰው ሲያወራ ነው የሰማሁት። ጎህ ሲቀድ የእድሩ ሽማግሌዎችና ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እትዬ ዘነበች ደጅ ቆሙ። እሳቸው በሩን ከፍተው ሲያዩዋቸው ማንም ቃል ሳይናገር ገባቸው። ፊታቸውን ነጩ። «ልጄን! ልጄን!» እያሉ ሲሮጡ ደረጃው ላይ ወደቁ፣ ዳሌያቸው ተሰበረ። እሳቸውን ሐኪም ቤት ሲወስዷቸው ሰፈሩ ድንኳን ተከለ። ወጣቶቹ አስከሬን ፍለጋ የሚሄዱበት መኪና ያፈላልጉ ነበር። ረፈድ ሲል እኔ ከእንቅልፌ ተነስቼ፣ ቀሪውን ለቀቅሁ። ይትባረክ ከውሃ ወጥቶ ሲስቅ ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጠ አንድ ጎረምሳ በስልኩ አየው። ጩኸቱ ቀለጠ ይላሉ። ከዚያ ድንኳኑን አወረዱት።

ከይትባረክ ጋር ስንመለስ እናቱ ገና ሐኪም ቤት ተኝተው ነበር። ሰው ሁሉ እነይትባረክ ግቢ ውስጥ ተሰብስቦ ጋሽ ደበበን ከቦ «ማን ነገረዎት? ሳያጣሩ እንዴት?» ይላቸዋል። እሳቸው ወደ እኔ ዞሩ። «ደውዬ ጠይቄው ነበር» አሉ።

ሁሉም እኔን አየኝ። ይትባረክም አየኝ። ያኔ እውነቱን ብናገር ኖሮ አንድ ጥፋት ይሆን ነበር። እኔ ግን ሁለተኛውን ጨመርኩ፣ እሱም ከመጀመሪያው ይከፋል።

«እኔን? አልደወሉልኝም እኮ ጋሼ» አልኩ።

ስልካቸው ኪሳቸው ውስጥ ነበረ፣ አውጥተው ማሳየት ይችሉ ነበር። አላወጡትም። «እንግዲህ አርጅቻለሁ ማለት ነው» አሉና ኮፍያቸውን አድርገው ወጡ።

ከዚያ በኋላ ሰፈሩ «ሕያው ቀባሪ» አላቸው። በቪዲዮው እኔንም የተቆጣኝ ነበር፤ የጥያቄ ምልክቷን አሳይቼ አለፍኩ። ዳኝነቱን ተውት። ለቅሶ ቤት ሲመጡ ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ ይቀመጣሉ፤ መርዶ ሲኖር የሚጠራቸው የለም። ከእትዬ ዘነበች ጋር ለመታረቅ ሽማግሌ ላኩ፤ ራሳቸውም እንደ በዳይ አንገታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመው፣ ጎንበስ ብለው ገቡ። ከሽማግሌዎቹ ጎን ማን የተቀመጠ ይመስላችኋል? እኔ። የቤቱ ልጅ ነው ተብዬ። «እትዬ፣ ይቅር ይበሏቸው፣ ሰው ይሳሳታል» ያልኩት እኔ ነኝ። ይህን ስጽፍ እንኳ ፊቴ ይግላል።

«ልጄን በቁሙ ቀብረህብኛል ደበበ» አሉ እትዬ ዘነበች። «እግዜር ይቅር ይበልህ፣ እኔ አልችልም።» ድንጋዩን ከአንገታቸው ያነሳላቸው ሰው አልነበረም። ራሳቸው አውርደው ሄዱ።

ተመልካቹስ? ወደ ሌላ ጩኸት ሄደ፣ እንደ ልማዱ። ይትባረክ እናቱን ጥሎ ውሃ ላይ መውጣት አልሆነለትም፤ ጀልባዎቹን ሸጠን እሱ ታክሲ መንዳት ጀመረ። እኔ የሰው ሰርግ እቀርጻለሁ። ይትባረክ በየበዓሉ እየጠራኝ ከማዕዱ አብልቶኛል፣ እኔም በልቻለሁ። ጋሽ ደበበን መንገድ ላይ ሲያይ ግን ፊቱን ያዞራል። አጠገቡ እየሄድኩ ስንት ጊዜ ፊቱን ሲያዞር አየሁ! ስንት ጊዜ ዝም አልኩ!

ባለፈው ሳምንት ብስራተ ገብርኤል ለመሳለም ሄጄ ጋሽ ደበበን ከአጥሩ ሥር ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘኋቸው። በጣም አርጅተዋል። አጠገባቸው ተቀመጥኩና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። እያለቀስኩ ነበር። እሳቸው አላለቀሱም።

«ለእኔ ምን ትነግረኛለህ?» አሉኝ። «የደወልኩት እኔ አይደለሁም እንዴ? ላላወቀው ንገር እንጂ።»

ለእሳቸው መናዘዝ ቀላሉ ነበር። የመረጥኩትም ስለቀለለኝ ነው፣ ሁልጊዜ እንደማደርገው።

ያን ዕለት ወደ እትዬ ዘነበች ቤት ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ምስር ይለቅማሉ፣ ይትባረክ መኪናውን ያጥባል። ቆሜ ነገርኳቸው፤ ስልኩን፣ ዓሣውን፣ እንቅልፉን፣ «አልደወሉልኝም» ያልኩትን። ይትባረክ ውሃውን ዘጋው። ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ፣ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። አልመታኝም።

እትዬ ዘነበች ሰፌዱን አስቀመጡ። «ይትባረክ፣ ነጠላዬን አምጣልኝ» አሉ። «ደበበ ቤት ውሰደኝ።» ክንዳቸውን ልይዝ ቀረብ አልኩ። «አንተ ተው» አሉኝ፣ ሳይቆጡ። ከተሰበሩ ወዲህ ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም አይሄዱም ነበር። መኪናውን እምቢ ብለው በምርኩዝ፣ በኮብልስቶኑ ላይ፣ በየጥቂቱ እየቆሙ ሄዱ።

ከግቢው ወጥቼ እንዳልሄድ ቤቱን የሚጠብቅ አልነበረም፤ ቆሜ ቀረሁ። ምን ብዬ ይቅርታ ልጠይቅ? ወጣት ነበርኩ ልበል? ያን ያህል ልጅ አልነበርኩም። ሰው ይሞታል ብዬ አላሰብኩም ልበል? የሞተ እንደሌለ እያወቅሁ ነበር እኮ ያስለቀስኳቸው። እናንተንም ማሩኝ አልላችሁም፤ ብትምሩኝስ ለጋሽ ደበበ ምን ይጠቅማቸዋል?

ሲመለሱ ሦስት ሆነው መጡ። እትዬ ዘነበች ጋሽ ደበበን የራሳቸው ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። ይትባረክ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ፣ ውሃም አቀረበላቸው። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። ቁጭ በል ያለኝ የለም። ልክ ናቸው።