ሁለት ዓመት ያጠናሁት የጥንት ግሪክ ቅኔ

ይህ የደረሰብኝ ጣሊያን ሐረር ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ ገና የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ሳለሁ ነው። እስካሁን ሰው ፊት "ግሪክ" የሚል ቃል ከተነሳ ጆሮዬ ይግላል፤ ስለዚህ ተናግሬው ቢወጣልኝ ይሻላል።

በመንግሥት ጽሕፈት ቤት ማመልከቻ ገልባጭ ነበርኩ። ከዚያ በፊት የቄስ ትምህርት ተምሬአለሁ። ፈረንጆች ጥበባቸውን ሁሉ የቀዱት ከጥንት ግሪኮችና ሮማውያን ነው ሲባል ሰማሁና፣ ከፈረንጅ ከምማር ለምን በቀጥታ ከምንጩ አልጠጣም አልኩ። ምንጩም እዚያው ሐረር፣ ሸዋ በር አጠገብ ሱቅ ነበረው።

ባለሱቁ ሙሴ ኒኮላ የሚባሉ ግሪካዊ ነበሩ። የወይራ ዘይት፣ ላምባ፣ ክርና መርፌ ይሸጣሉ። ገብቼ እጅ ነሳሁና፣ "የጥንቱን የአገርዎን ቅኔ ያስተምሩኝ፤ እኔ ደግሞ ለጉምሩክ የሚያስገቡትን ማመልከቻ ሁሉ እጽፍልዎታለሁ" አልኳቸው። ጢማቸውን እያሻሹ ብዙ ካሰቡ በኋላ "እሺ" አሉ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ወደ ሱቁ እሄድ ነበር። እሳቸው አንድ መስመር ይላሉ፣ እኔ እቀበላለሁ። ትርጉሙን አልጠየቅኩም። የቄስ ተማሪ የነበረ ሰው በዚህ አይፈርድብኝም፤ እኛ መጀመሪያ ዳዊት እንደግማለን፣ ትርጓሜ የሚመጣው ጢም ካበቀልን በኋላ ነው። ጊዜው ሲደርስ ይነግሩኛል ብዬ በቃሌ መያዜን ቀጠልኩ። ጎረቤታቸው መጽሐፍ ጠራዡ አው ዑመር እንኳ ሲሰሙን ሥራቸውን አቁመው፣ "ማሻ አላህ፣ ቃሉ ሲያምር" ይሉ ነበር።

አንድ ቀን አለቃዬ ቀኛዝማች አስጠሩኝ። የጥንት ግሪክንና ሮማን ታሪክ የሚያስተምር ፈረንጅ ሐረር ሊመጣ ነው፤ አንድ ወጣት መርጦ አገሩ ወስዶ ሊያስተምር ይፈልጋል። ቀኛዝማችም እኛ ዘንድ አንድ ሊቅ አለ ብለው ኮርተውብኛል። እናቴ ወሬውን ለሰፈሩ ሁሉ አዳርሳ በሶ መፍጨት ጀመረች። እኔም መርከብ ላይ የምቀመጥበትን ቦታ ሳይቀር አስቤ ጨርሼ ነበር።

በቀጠሮው ቀን ሹማምንቱ በተሰበሰቡበት ነጠላዬን አደግድጌ ቆምኩ። በቤተ ክርስቲያን ወግ ትንሽ ወዝወዝ እያልኩ ቅኔዬን በዜማ አወረድኩት።

ፈረንጁ አንገቱን ደፋ። ተመስጦ መሰለኝና ድምፄን ከፍ አደረግኩ። ቀጥሎ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ልቡ ተነክቶ አለቀሰ ብዬ የመጨረሻውን መስመር ደገምኩለት። መሐረብ አውጥቶ ዓይኑን ከጠረገ በኋላ በአስተርጓሚው በኩል እንዲህ አለ፦

"ይህ የዛሬ ግሪክኛ ነው። ዓሣውን እጠብ፣ ራሱን ቁረጥ፣ ሆድ ዕቃውን አውጣ። አንድ ረድፍ ዓሣ፣ አንድ ረድፍ ጨው። በርሜሉን ግጠም፣ ድንጋይ ጫንበት ይላል።"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ቀኛዝማች ብቻ አልሳቁም። "ከሥራ በጊዜ ስትወጣ የነበረው ለዚህ ነው?" አሉኝ።

ፈረንጁ በማግስቱ የቀኛዝማችን የእህት ልጅ ይዞ ሄደ። ልጁ የራሱን ስም ሲጽፍ እንኳ ይሳሳታል፤ ግን ስለ ዓሣ ምንም አልተናገረም።

በንዴት እየጦፍኩ ሱቁ ስደርስ ሙሴ ኒኮላ ላምባ ይለካሉ። "ምን በደልኩዎት? ሕይወቴን አበላሹት እኮ" አልኳቸው። የሆነውን ስነግራቸው ማንቆርቆሪያውን አስቀምጠው በርሜል ላይ ተቀመጡ።

"እኔ ትምህርት ቤት አላውቅም" አሉ። "ማንበብም የለም። አባቴ ዓሣ ጨው ያደርጋል፣ እኔ ልጅ ሆኜ ከእሱ ጋር እየዘፈንኩ እሠራለሁ። በቃሌ የማውቀው ይኼን ብቻ ነው። አንተ መጣህ፣ እጅ ነሳህ፣ መምህር አልከኝ። ማንም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። አላውቅም ማለት አፈርኩ። ምን ማለት ነው ያለኝ ቀን እነግረዋለሁ አልኩ። ዛሬ ይጠይቃል፣ ነገ ይጠይቃል እያልኩ ስጠብቅ፣ ሁለት ዓመት አልጠየቅክም።"

ያመጣሁትን ስድብ እንደያዝኩ ወጥቼ ሄድኩ።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ፈረንሳይኛዬ ሲሻሻል ስለ ጥንት ግሪኮች የተጻፈ መጽሐፍ እጄ ገባ። ለካ የታላላቅ ሊቃውንታቸው ዋና ሥራ ገበያ መሐል ሰው እያስቆሙ "ይህ ምን ማለት ነው?" እያሉ ማድረቅ ኖሯል። መጽሐፉን ዘግቼ ብቻዬን ተቀምጬ በእፍረት ነደድኩ። ሹማምንቱ የሳቁብኝን ከረሳሁት ቆይቻለሁ፣ የቀኛዝማችን የእህት ልጅም ይቅር ብዬዋለሁ። ሙሴ ኒኮላን ግን በነጋ በጠባ እያየኋቸው አንዴም አለመጠየቄ እስከ ዛሬ ያበግነኛል።